የሳን ፍራንሲስኮን ቻይናታውን በእግር ለማየት፦ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች

እንግዳ ይዘው ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ የሚሉት አንድ ዓይነት ነው፦ «በሩ ላይ ፎቶ ተነሳን፣ ማግኔትና ቲሸርት የሞላባቸው ሱቆች አየን፣ አንድ ቦታ ገብተን በላን፣ ከዚያ የሚታይ ነገር አለቀብን።» ሰፈሩ አላለቀም። ያበላሸባቸው የገቡበት በኩልና የገቡበት ሰዓት ነው።

ድራጎን ጌት የሚባለው ዝነኛ በር የቆመው ግራንት ጎዳና ከቡሽ ጎዳና በሚገናኝበት፣ በሰፈሩ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ የገባ ሰው ግራንትን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ግራንት ደግሞ በአብዛኛው ለጎብኚ የተዘጋጀ ጎዳና ነው። የሰፈሩ ሰው የሚገበያየው አንድ ብሎክ ከፍ ብሎ፣ ስቶክተን ጎዳና ላይ ነው። ማኅበራቱ፣ ቤተ መቅደሶቹና ማህጆንግ የሚጫወቱባቸው ቤቶች ያሉት በሁለቱ ጎዳናዎች መካከል በተሸጎጡት ቅያሶች ውስጥ ነው። ጎብኚው ዳገቱ ያደክመውና እዚያ ሳይደርስ ይመለሳል።

ስለዚህ ጉዞውን ይገልብጡት። ከላይ ከስቶክተን ይጀምሩ፣ በቅያሶቹ እየተጠማዘዙ ይውረዱ፣ በሩ ላይ ይጨርሱ። ምሳን ጨምሮ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ሁሉ ስልክዎ ላይ እንደሚያዩት በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

## 1. ከዋዜማው የሚዘጋጅ

ቀኑን ይምረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ። ቅዳሜ ጠዋት ስቶክተን ላይ የሚገበያየው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ሕፃን በጋሪ ወይም አረጋዊ ወላጅ ይዘው ከሆነ ይቸገራሉ። በጥር መጨረሻና በየካቲት የሚውለው የቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን ድምቀቱ ልዩ ነው፤ ነገር ግን መንገድ ይዘጋል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ምግብ ቤት ወረፋው ረጅም ነው። ሰፈሩን ለማወቅ ሳይሆን በዓሉን ለማየት ሌላ ጊዜ ይመለሱበት።

ጥሬ ገንዘብ ይዘርዝሩ። የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖቶች ያስፈልጋሉ። ትናንሾቹ መጋገሪያዎችና የአትክልት ሱቆች ካርድ አይቀበሉም ብለው ቢነሱ አይጎዱም። ለአንድ ሰው 40 ዶላር ያህል በትናንሽ ኖት ቢይዙ ቁርስና ጥቃቅን ግዢ ላይ አይቸገሩም። የመቶ ዶላር ኖት አውጥቶ የ3 ዶላር ዳቦ መግዛት ወረፋውን ሁሉ ያስቆማል።

ስልክዎ ላይ መተርጎሚያ ይጫኑ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። የሰፈሩ ነባር ቋንቋ ካንቶኒዝ ነው፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ደግሞ ከዚያው ወገን የሆነውን የቶይሳን ቋንቋ ይናገራሉ። መተርጎሚያው በድምፅ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ማንዳሪን ስለሆነ ላይግባቡ ይችላሉ። ድምፁን ትተው ጽሑፉን ያሳዩ፤ ምርጫውንም «ባህላዊ ቻይንኛ» በሚለው ላይ ያድርጉ። «ቀላል ቻይንኛ» የሚባለው የዋናው ቻይና አጻጻፍ ነው፤ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ያደጉት በባህላዊው ነው።

ልብስና ጫማ። በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ይያዙ። የሳን ፍራንሲስኮ በጋ ጭጋግና ነፋስ አለው፤ ከኦክላንድ ማዶ ፀሐይ አይተው በቲሸርት የመጡ ሰዎች የሚንቀጠቀጡት ለዚህ ነው። ጫማው የማያንሸራትት ይሁን። ስቶክተን ላይ ከዓሣ ሱቆቹ ደጃፍ የሚወርድ ውሃ የእግረኛ መንገዱን ያረጥበዋል።

ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሱቆች ለመውጫ ከረጢት ያስከፍላሉ። ደግሞም ሁለት እጅዎ ነፃ ሲሆን ይሻላል።

ከ6 ሰው አይብለጡ። ቅያሶቹ ጠባብ ናቸው። የበዛ ቤተሰብ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፍላችሁ ምሳ ላይ ተገናኙ።

## 2. መድረስ

### በባቡር

1. ከኦክላንድ፣ ከበርክሌይ ወይም ከአየር ማረፊያው ባርት በተባለው የአካባቢው ባቡር ይሳፈሩና ፓወል ጎዳና ጣቢያ ይውረዱ። ክሊፐር የሚባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ ወይም በማስነካት የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሰው አንድ ካርድ ማስነካት አይቻልም።
2. ወደ ላይ ሳይወጡ በምድር ውስጥ መተላለፊያው «ዩኒየን ስኩዌር» የሚለውን ምልክት ይከተሉ። ሙኒ የተባለው የከተማው ትራንስፖርት ቲ መስመር ጣቢያ እዚያ ነው።
3. ወደ ቻይናታውን የሚሄደውን ባቡር ይያዙ። የሚቀጥለው ጣቢያ የመጨረሻው ነው፤ ቻይናታውን ሮዝ ፓክ ይባላል። በ2022 መጨረሻ የተከፈተ አዲስ ጣቢያ ስለሆነ ድሮ የሚያውቁት ዘመዶችዎ ላይነግሩዎት ይችላሉ።
4. ሲወጡ ስቶክተንና ዋሽንግተን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ነዎት። ዳገቱን ባቡሩ ወጣልዎት ማለት ነው።

ባቡሩ ቢዘገይ ወይም ቢቋረጥ፦ ከዩኒየን ስኩዌር 30 ቁጥር ወይም 45 ቁጥር አውቶቡስ በስቶክተን በኩል ያልፋል። በእግርም ይቻላል፤ የስቶክተን ዋሻ ውስጥ ለእግረኛ የተለየ መንገድ አለው። ዋሻውን ሲጨርሱ ሰፈሩ ውስጥ ነዎት። አንድ ጊዜ የተከፈለ የሙኒ ታሪፍ ለ120 ደቂቃ ስለሚሠራ ከባቡር ወደ አውቶቡስ ቢቀይሩ ድጋሚ አይከፍሉም። በገመድ የሚሳበው ኬብል ካር ግን ቲኬቱ የተለየና ውድ ነው፤ ለመዝናናት እንጂ ለመድረስ አይጠቀሙበት።

### በመኪና

ባይነዱ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ መንገድ ዳር ቦታ ሲፈልጉ ሰዓት አያባክኑ፤ ከፖርትስመዝ አደባባይ ሥር ያለው ጋራዥ ይግቡ፣ መግቢያው ከርኒ ጎዳና ላይ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ መኪና ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር አይተዉ፤ ባዶ ቦርሳም ቢሆን፣ የስልክ ገመድም ቢሆን። በዚህ ከተማ መስኮት ሰብሮ መስረቅ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ዳገት ላይ ካቆሙ የፊት ጎማዎቹን ያዙሩ፤ መኪናው ቁልቁል ከዞረ ወደ ጠርዙ፣ ሽቅብ ከዞረ ወደ መንገዱ። ሕግ ነው፤ ካላዞሩ ይቀጣሉ።

## 3. ስቶክተን፦ ከ9:00 እስከ 10:00

ከጣቢያው ወጥተው ወደ ብሮድዌይ አቅጣጫ በአንዱ ጎን ይሂዱ፣ በሌላው ጎን ይመለሱ። አትክልት ተራን የሚያውቅ ሰው እዚህ አይደናገጥም። ሣጥን እየተጎተተ ነው፣ ሻጩ ይጣራል፣ ማንም ይቅርታ ሳይል በትከሻው ያልፋል።

የሚያዩት ነገር ብዙ ነው። በውሃ ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣና ሸርጣን፣ በመስኮት የተሰቀለ የተጠበሰ ዳክዬ፣ በትልልቅ ማሰሮ የደረቀ እንጉዳይ፣ ጂንሰንግ የተባለው የመድኃኒት ሥር፣ የደረቀ የባሕር ፍጥረት። አንድ የባሕላዊ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት ይቁሙ። ቀማሚው ትንንሽ የእንጨት መሳቢያዎችን አንድ በአንድ እየሳበ ሥሩንና ቅርፊቱን ያወጣል፣ በትንሽ ሚዛን እየመዘነ ወረቀት ላይ ይከምራል፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። የሚቀምመው ከሐኪሙ በመጣ ማዘዣ መሠረት ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው፦

- *ዋጋው አይገባም።* ዋጋ በፓውንድ ነው፤ 1 ፓውንድ 454 ግራም ያህል ነው። አንዳንዱ ደግሞ በፍሬ ወይም በእስር ይሸጣል። ጣትዎን ወደ ዕቃው ቀስረው ብር ያሳዩ፤ ሻጩ በጣቱ ወይም በካልኩሌተር ይነግርዎታል።
- *መከራከር።* የምግብ ሱቅ ውስጥ ዋጋ አይከራከሩ። ትርፉ ሳንቲም ነው፤ ክርክሩ ያስቀይማል።
- *ተቆጡብኝ።* አልተቆጡም። ካንቶኒዝ ለማያውቀው ጆሮ ኃይለኛ ነው፤ ሥራውም ጥድፊያ ነው። «ምጎይ» ይበሉ፤ ለተደረገልዎ አገልግሎት ማመስገኛም፣ «እባክዎ» ለማለትም ያገለግላል። ፊታቸው ሲፈታ ያያሉ።
- *የባሕል መድኃኒት ልግዛ?* የታዘዘልዎት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይግዙ። በተለይ ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጂንሰንግ መጀመር የለበትም። ለእናትዎ ስጦታ ልግዛ ካሉም ያው ነው።

ፎቶ። ገንዳውን፣ ክምሩን፣ ምልክቱን ያንሱ። የሰው ፊት ግን ሳይጠይቁ አያንሱ። ከ2020 ወዲህ በእስያውያን አረጋውያን ላይ በደረሱት ጥቃቶች የተነሳ ሽማግሌዎቹ ካሜራ ይዞ የሚጠጋ ሰው ያሠጋቸዋል። የእኛ እማማ ከገበያ ስትመለስ ማንም ስልክ ቢደቅንባት ምን እንደሚሰማን ያስቡት።

## 4. ቁርስ፣ ጾምና የአሳማ ሥጋ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው አብዛኛው የእኛ ሰው የሚሰናከለው በምግቡ ስለሆነ ነው።

ስቶክተን ላይ ዲም ሰም የሚባሉትን ትንንሽ የቻይና ምግቦች የሚሸጡ መጋገሪያዎች አሉ። ከሚታወቁት አንዱ 1039 ቁጥር ላይ ያለው ጉድ ሞንግ ኮክ ነው፤ ወረፋው በር ድረስ ሊወጣ ይችላል። መቀመጫ አይጠብቁ፤ በሣጥን ይዘው የሚወጡበት ነው።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው፦

1. ወረፋ ላይ ሳሉ ይወስኑ። ተራዎ ሲደርስ መጠየቅ መጀመር የለብዎትም።
2. ብዛቱን አስቀድመው በጣት ያሳዩ፣ ከዚያ ዓይነቱን።
3. ገንዘቡን በእጅዎ ይዘው ይጠብቁ።
4. ወጥተው ከደጃፉ ራቅ ብለው ይብሉ።

ውስጡ ያለው፦

- ሹ ማይ፦ የአሳማ ሥጋና ሽሪምፕ።
- ቻር ሹ ባው፦ ነጭ ለስላሳ ዳቦ፣ ውስጡ ጣፋጭ የአሳማ ሥጋ። ብዙ ሰው ተራ ዳቦ መስሎት የሚገዛው ይህን ነው።
- ሀር ጋው፦ ሽሪምፕ፤ ስስ ነጭ ሽፋኑ ያሳያል። አሞላሉ ላይ የአሳማ ስብ የሚጨምሩ ስላሉ ይጠይቁ።
- ሎ ባክ ጎ፦ የነጭ ራዲሽ ቂጣ ይባላል፤ አትክልት ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማና የደረቀ ሽሪምፕ አለበት።
- ሎ ማይ ጋይ፦ በሎተስ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከዶሮ ጋር፤ ቋሊማም ይጨመርበታል።
- ዳን ታት፦ የእንቁላል ኬክ። የታችኛው ቂጣ በአሳማ ስብ ሊሠራ ስለሚችል የማይበሉ ከሆነ ይጠይቁ።

አሳማ የማይበሉ ከሆነ «ያለ አሳማ» ማለት አይበቃም፤ ሻጩ ሥጋውን ብቻ ነው የሚያስበው። መተርጎሚያው ላይ ይህን ይጻፉ፦ «የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብና ቋሊማ አልበላም።» ሐላል የሚሹ ሙስሊም አንባቢዎች ደግሞ የሐላል ምልክት የሌለበት ቤት የዶሮውም አስተራረድ ሌላ መሆኑን ያውቃሉ፤ ለእናንተ የሚሻለው ከዚህ በታች ያለው የጾም መንገድ ነው።

ጾም ላይ ከሆኑ ቻይናታውን ይመቻል፤ አጠያየቁን ካወቁበት። የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከሥጋና ከዓሣ የራቀ የራሳቸው ምግብ አላቸው፤ በካንቶኒዝ «ጃይ» ይሉታል። ተጠንቅቀው ይናገሩት፤ «ጋይ» ካሉ ዶሮ ይመጣል። ስለዚህ በጽሑፍ ማሳየቱ ይሻላል፦ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የኦይስተር ሶስ የሌለበት።» የኦይስተር ሶሱን አይርሱ። የተቀቀለ አረንጓዴ ጎመን አዝዘው በላዩ ጥቁር ወፍራም ሶስ ፈስሶበት የሚመጣው እሱ ነው፤ ከባሕር ፍጥረት ይሠራል።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። ማፖ ቶፉ የሚባለው ምግብ በቶፉ (በአኩሪ አተር አይብ) ስም ይጠራ እንጂ በባህላዊ አሠራሩ የተፈጨ ሥጋ አለው። ቢጫው ቻው ሜን ኑድል ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ነጩና ሰፊው ሆ ፈን ግን ከሩዝ ነው። ጎምዛዛ ሾርባው እንቁላል አለው፣ የተጠበሰው ሩዝም እንዲሁ። ነጭ ሩዝ፣ ቶፉ፣ እንጉዳይና ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ካዘዙ በሰላም ይበላሉ።

የተሳሳተ ምግብ ቢመጣ፦ ሳይነኩት ሳህኑን ገፋ አድርገው ጽሑፉን ድጋሚ ያሳዩ። ከቀመሱት በኋላ መመለስ ግን ያስቸግራል።

## 5. ቅያሶቹ፦ ከ10:00 እስከ 10:40

ከስቶክተን በጃክሰን ጎዳና ቁልቁል ይውረዱ። ግማሽ ብሎክ ሳይሞላ በቀኝዎ ሮስ ቅያስ አለ። ጠባብ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል፤ ግራንት ከደረሱ አልፈውታል፣ ይመለሱ።

ሮስ ቅያስ 56 ቁጥር ላይ ከ1962 ጀምሮ የሚሠራው የጎልደን ጌት ፎርቹን ኩኪ መጋገሪያ አለ። ክፍሉ ትንሽ ነው። ማሽኑ ክብ ክብ ምጣዶችን ያዞራል። ሠራተኛዋ ትኩሱን ስስ ቂጣ በጣቷ ታነሳለች፣ የዕድል ቃል የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት መሃል ላይ ታደርጋለች፣ ለሁለት አጥፋ በብረት ዘንግ ላይ ትሰብረዋለች። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰኮንድ ነው፤ ከዘገየች ቂጣው ደርቆ ይፈረካከሳል። ለፎቶ ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ ይክፈሉ፤ አንድ ከረጢት ኩኪም ይግዙ። ኩኪው በአብዛኛው እንቁላል ስላለበት ጾመኛ ይጠንቀቅ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ካለ አይተው ቶሎ ይውጡ።

ቅያሱ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ያወጣዎታል። ተሻግረው ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ስፖፎርድ ቅያስ ይጀምራል። እዚህ ሱቅ ብዙም የለም፤ ከተዘጉ በሮች ጀርባ የማህጆንግ ጠጠር ሲንኳኳ ይሰማሉ። በር አይክፈቱ፣ በመስኮት አያጮልቁ። እነዚህ የማኅበር ቤቶች ናቸው። ከላይ ልብስ የተሰጣባቸው መስኮቶችም ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ሆኖ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ልጆችን ያስጠንቅቁ።

ቢጠፉ፦ አይጨነቁ። ቁልቁለቱ ሁልጊዜ ወደ ግራንትና ከርኒ፣ ሽቅቡ ወደ ስቶክተን ነው። ካርታውን ሳያወጡ ይህን ብቻ ይያዙ።

## 6. ቲን ሃው ቤተ መቅደስ

ስፖፎርድ ክሌይ ጎዳና ላይ ሲያበቃ ወደ ግራ ታጥፈው ጥቂት ይውረዱ፤ ዌቨርሊ ፕሌስ የሚባለውን ጎዳና ያገኛሉ። በግራ በኩል 125 ቁጥር ላይ ለባሕር እመቤት ለቲን ሃው የተሠራው ቤተ መቅደስ አለ። በ1852 እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አሁን ያለው ሕንፃ ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ በኋላ የተሠራ ነው።

1. የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት በዋዜማው ያጣሩ፤ በየቀኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት አይደለም።
2. ያለው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ወላጆችዎን ታች ያስቀምጡ፤ ከታች ሆነው በቀለም ያሸበረቁትን በረንዳዎች ያያሉ።
3. ስልክዎን ኪስ ውስጥ ይክተቱ። ውስጥ ፎቶ አይነሳም።
4. ለአምልኮ የቀረበውን ብርቱካንና ዕጣን አይንኩ። የሚጸልይ ሰው ፊት አይለፉ።
5. ሲወጡ በሣጥኑ ጥቂት ዶላር ይጣሉ።

የእምነትዎ ጉዳይ ካሳሰብዎት፣ ቆመው አይተው መውጣት ይችላሉ፤ ዕጣን አጢሱ የሚል የለም። የሌላ እምነት ቤት መግባት የማይፈልግ የቡድኑ አባል ካለ አያስገድዱት።

ተዘግቶ ቢያገኙት፦ በሩን አይደብድቡ። ዌቨርሊን ከዳር እስከ ዳር ይሂዱት፤ የቤተሰብ ማኅበራት ሕንፃዎች ተደርድረዋል፣ ላይኛው ፎቃቸው ሁልጊዜ ከታችኛው ያምራል።

## 7. ምሳ፦ ከ11:15 በፊት ይቀመጡ

ከ12:00 በኋላ የሚገባ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ቀድመው ይግቡ። ዌቨርሊን ይዘው ወደ ሳክራሜንቶ ጎዳና ከሄዱ፣ ትንሽ ሽቅብ ብሎ ባለ ቅያስ ውስጥ በ1920 የተከፈተው ሃንግ አህ ሻይ ቤት አለ። ግራንትና ጃክሰን አካባቢም ተቀምጠው የሚበሉባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። የምመርጠው ቤት አረጋውያን ጋዜጣ ይዘው የተቀመጡበትን ነው።

- ሲቀመጡ የሚመጣው ሻይ በሰው ሊታሰብ ይችላል፤ ነፃ ነው ብለው አይገረሙ።
- ማዘዣ ወረቀትና እርሳስ ከተሰጠዎት በሚፈልጉት ትይዩ ቁጥር ይጻፉ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይዘዙ። ለሁለት ሰው 4 ዓይነት ይበቃል፤ ካልጠገቡ ይጨምሩ።
- ሻዩ ሲያልቅ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ አስተናጋጁ አይቶ ይሞላል።
- ሌላ ሰው ሲቀዳልዎት በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ነካ ነካ ያድርጉ፤ ምስጋና ነው።
- ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው አይትከሉ። ለሞተ ሰው የሚቆም ዕጣን ስለሚመስል ያስከፋል።
- ቲፕ ከመጨመርዎ በፊት ሂሳቡን ያንብቡ። በቡድን ለመጡ ሰዎች አስቀድመው የሚደምሩ አሉ።
- ሳይወጡ መጸዳጃ ይጠቀሙ። በሰፈሩ ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

## 8. ፖርትስመዝ አደባባይ

በክሌይ ጎዳና ቁልቁል እስከ ከርኒ ሲወርዱ በግራዎ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩት የሰፈሩ ሰዎች ሳሎናቸው ይህ ነው። ካርታና የቻይና ቼዝ ዙሪያ ሰው ይሰበሰባል። ቆመው ማየት ይቻላል፤ ከተጫዋቹ ትከሻ በላይ ፎቶ ማንሳት፣ ጠረጴዛው ላይ ቦርሳ ማስቀመጥ አይቻልም። ለአረጋውያን ወንበር ይልቀቁ።

አደባባዩ ለእድሳት ታጥሮ ካገኙት ከካሊፎርኒያ ጎዳና በታች ያለው ሴንት ሜሪ አደባባይ ጸጥ ያለ ማረፊያ ነው፤ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሱን ያት ሰን ሐውልትም እዚያ አለ።

ከመሄድዎ በፊት ዋሽንግተን ጎዳና 743 ቁጥርን በውጭ ይመልከቱ። ሦስት ድርብ ጣሪያ ያለው ትንሽ ሕንፃ ነው፤ ዛሬ ባንክ ሲሆን ድሮ የሰፈሩ የስልክ ማዞሪያ ነበር። ደዋዩ የሚጠራው ቁጥር ሳይሆን ስም ነበር፤ ኦፕሬተሮቹ የደንበኞቹን ስምና አድራሻ በቃላቸው ይዘው፣ በተለያዩ የቻይና ቋንቋዎች እያናገሩ እስከ 1949 ድረስ አገናኝተዋል።

ልጆች ይዘው ከሆነ ደግሞ፣ ብሩስ ሊ በ1940 የተወለደው ጃክሰን ጎዳና ላይ ባለው የቻይና ሆስፒታል እንደሆነ ይንገሯቸው። አንድ ሰው ቢወድቅ ወይም ቢታመም ቅርቡ ሆስፒታልም እሱ ነው፤ አጣዳፊ ከሆነ 911 ይደውሉ።

## 9. ግራንት፣ ወደ በሩ

ከአደባባዩ በክሌይ አንድ ብሎክ ይውጡ። ከምሳ በኋላ የሚቀርዎት ዋና ዳገት ይህ ነው። ግራንት ላይ ወደ ግራ ይታጠፉ።

ሻይ ሲገዙ ቀምሰው ይግዙ፤ ነገር ግን ሻጩ መመዘን ሳይጀምር «ዋጋው በአውንስ ነው ወይስ በፓውንድ?» ብለው ይጠይቁ። የተለጠፈው ዋጋ በአውንስ ሆኖ እርስዎ በፓውንድ መስሎዎት ከሆነ ሂሳቡ 16 እጥፍ ይሆናል፤ 1 ፓውንድ 16 አውንስ ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ 2 አውንስ ይበቃል።

ጄድ የተባለው የከበረ ድንጋይ ነው ለሚባል ጌጥ ብዙ ገንዘብ አያውጡ። ቀለም የተነከረ ድንጋይ በዓይን አይለይም። ወደዱት? በርካሽ ዋጋው እንደ ጌጥ ብቻ ይግዙት። የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ዕቃ ሲወስዱ በትሕትና ቅናሽ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

ካሊፎርኒያ ጎዳና መገናኛ ላይ ይቁሙና ከሱቆቹ ምልክት በላይ ቀና ይበሉ። የሲንግ ቾንግና የሲንግ ፋት ሕንፃዎች ጣሪያዎች ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ ሰፈሩ ወደ ከተማው ዳር እንዲነሳ ሲታሰብ ነጋዴዎቹ በዚህ መልክ መልሰው ሠርተው ቦታቸውን አስከበሩ። ማዶ ያለው የጡብ ቤተ ክርስቲያን በ1854 የተሠራው አሮጌው ሴንት ሜሪ ነው። ከሰዓቱ በታች «ልጄ፣ ጊዜን አስተውል፣ ከክፉም ሽሽ» የሚል ትርጉም ያለው ጥቅስ ተጽፏል፤ ምንጩ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 4 ነው። ብዙ አሜሪካውያን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው የማያገኙት መጽሐፍ ሆኖ ሳለ የእኛ ሰው ያውቀዋልና ለእናትዎ ያሳዩአቸው።

ከዚያ ቡሽ ጎዳና ድረስ ቁልቁል ነው። በሩን ከውስጥ ወደ ውጭ አልፈው ፎቶውን ይነሱ። ሰው ከበዛ መንገዱን ተሻግረው ከቡሽ ማዶ ያንሱ፤ ሦስቱም ቅስቶች ሙሉ ይወጣሉ። መኪና መንገድ መሃል ቆመው አይነሱ።

## 10. መመለስ

ግራንትን ይዘው ቁልቁል ከቀጠሉ ማርኬት ጎዳና ላይ ይወጣሉ፤ ባርት እዚያ ነው። በባርት ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ስለሆነ የተረፈውን ሣጥን ሳይከፍቱ ይያዙ። ቤት ሲደርሱ በእንፋሎት የበሰለውን በማይክሮዌቭ አያድርቁት፤ ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ አፍልተው በላዩ ወንፊት ያድርጉ፣ ዲም ሰሙን ደርድረው ክዳኑን ገጥመው 5 ደቂቃ ያህል ይተዉት። የተጠበሰውን ግን በምድጃ ወይም በደረቅ መጥበሻ ያሙቁት።